«ወፍ የለም» የሚባልበት ገደል

አዳማ ውስጥ አንድ ነገር ፈልጎ ያጣ ሰው የሚሰማው መልስ አጭር ነው። «ወፍ የለም!» ማደያ ሄዶ ቤንዚን ይጠይቃል፤ ወፍ የለም። ባንክ ሄዶ ዶላር ይጠይቃል፤ ወፍ የለም። ባለፈው ኅዳር ግን ይኸው አባባል ቃል በቃል ደረሰኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ አዋሽ ፓርክ ወፍ ልናይ እንደምንሄድ ለሰፈራችን ባለሱቅ ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ። «እዚያ በረሃ? ወፍ የለም እኮ!» አለኝ።

አለ። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የተመዘገቡት የወፍ ዓይነቶች ከ450 በላይ ናቸው። በመላው ኢትዮጵያ የተመዘገቡት ደግሞ ከ850 በላይ። ከአገሪቱ የወፍ ዓይነት ግማሽ ያህሉ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ አንድ ደረቅ ቦታ ይታያል ማለት ነው። ቦታው ከአዳማ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው።

ከተማችን ከዚህ የምታተርፈው ምሳ ነው። ፈረንጆቹን የጫነው ላንድክሩዘር ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ይመጣል። አዳማ ይቆማል። ጥብስ ይበላል፣ ማኪያቶ ይጠጣል፣ የጎማ ነፋስ ይታያል፣ ወደ ወለንጪቲ ይወጣል። ከሁለት ቀን በኋላ ሲመለስ በአሰላ በኩል ወደ ባሌ ይታጠፋል። መኪናው የአዲስ አበባ ነው። ሾፌሩም የአዲስ አበባ ነው። ወፍ የሚያሳየው ሰውዬ ብዙ ጊዜ አብሯቸው ከውጭ የመጣ ነው።

ሆቴል አጥተን አይደለም። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ አልጋ ሞልቷል። የጎደለው የትኛዋ ወፍ በስንት ሰዓት የትኛው ድንጋይ ላይ እንደምትቀመጥ የሚያውቅ፣ ለማወቁም የሚከፈለው የአካባቢ ሰው ነው። እንዲያውም የሚያውቀውስ አለ። የሚከፈለው ነው የሌለው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጎብኚዎቹ። የወፍ ጎብኚ ከሌላው ቱሪስት የተለየ ፍጡር ነው። ላሊበላ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ በርሮ እንደማይጠፋበት ያውቃል። የወፍ ጎብኚው ግን ዝርዝር ይዞ ነው የሚመጣው። እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ቤቱ ተቀምጦ ያላያቸውን ወፎች አንድ በአንድ ጽፏል። ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሜዳ ካልተገኘ ቀኑ የባከነ ይመስለዋል። ቁርሱን ኮፈን ላይ ይበላል። ማታ የሚፈልገው ሻወር፣ ቀዝቃዛ ቢራና ያየውን ቆጥሮ የሚጽፍበት ጠረጴዛ ነው። ሌላ ቦታ የማያገኛትን ወፍ ሳያይ ከተመለሰ ግን ሐዘኑ ልክ የለውም።

ዕብደታቸውን ለማየት የነጭ ሳርን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1990 ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ መኪና የገጫት አንዲት ወፍ ተገኘች። ናይትጃር ከሚባሉት፣ ማታ ማታ ነፍሳት እያሳደዱ ከሚበሩት ወገን ናት። የሌሊት ወፍ አላልኩም፤ የሌሊት ወፍማ ወፍም አይደለች። ከሞተችው ወፍ የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። በዚያች አንድ ክንፍ ብቻ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። ሳይንሳዊ ስሟም የተሰጣት ከዚያው ከብቸኛ ክንፏ ተነስቶ ነው። ከዚያ ወዲህ እሷን ፍለጋ ውቅያኖስ ተሻግረው፣ ሌሊቱን በባትሪ ሜዳ ሲያስሱ ያደሩ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ላሳየው ሰው ይከፍላል።

እኛ ቆንጆ ወፍ የምንለው በቀለም ያሸበረቀውን ነው። እሱም አዋሽ ላይ አይጠፋም። ደማቅ ቀይ ላባ ያላት ንብ በል ወፍ አለች። ቡስታርድ የሚባለው ትልቅ የሜዳ ወፍ ሲራመድ ጀርባው ላይ ጉብ ትላለች። እሱ በሣሩ ውስጥ ሲሄድ አንበጣና ፌንጣ ይበረግጋሉ፤ እሷ ከላይ ሆና ቀለብ ታደርጋለች። በነጻ ባጃጅ እንደ መሳፈር በሉት። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ከዚህ የበለጠ ድግስ የለም።

ነገር ግን ዝርዝር ይዞ የመጣውን ሰው ጉዳይ የሚወስኑት ደብዛዛዎቹ ናቸው። መተሐራ ልትደርስ ስትል፣ በሰቃ ሐይቅ ዳር የተከመረ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው። ተራራው ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ ነው። እዚያ ድንጋይ ላይ ሶምበር ሮክ ቻት የሚሏት ትንሽ ወፍ ትኖራለች። ቀለሟ እንደ ወጥ ቤት ጭስ ነው። ምኗም አያምርም። መኖሪያዋ ግን ኢትዮጵያና ጎረቤት ሶማሊያ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ከአውሮፓ ተነስቶ እሷን ብሎ ይመጣል።

ሌላዋ ቢጫ ጉሮሮ ያላት ዘር በል ወፍ ናት። የምትገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአንኮበር ሥር ካለው ቆላ ጥቂት ናሙና ተወሰደ። ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ያህል ጠፋች። በ1989 ፈንታሌ ላይ እንደገና ተገኘች። ዛሬ ሰዎች የሚፈልጓት ከአንኮበር ቁልቁል፣ አልዩ አምባን አልፎ፣ መልካ ጀብዱ አካባቢ ባለው ድንጋያማ ደረቅ ወንዝ ነው። መልካ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ወፏ የት እንደምትገኝ ይናገራል።

ለምን ገደልና ደረቅ ወንዝ? ነገሩ ውሃ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ ቆቃን አልፎ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በመንገዱ ላይ የስምጥ ሸለቆውን ወለል ሰንጥቆ ገደል ሠርቷል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ሄደው ቁልቁል ያዩ ሰዎች ያውቁታል። ከላይ እሾህና አቧራ ነው። ከታች፣ ከመቶ ሜትር በላይ ወርዶ፣ ሾላና ግራር የለበሰ አረንጓዴ መስመር ይታያል። በረሃው በሙሉ ውሃ ለመጠጣትና ጥላ ለመያዝ ወደዚያ መስመር ይወርዳል።

ገደሉ ራሱም ቤት ነው። ጥንብ አንሳና ጭልፊት የሰው እጅ የማይደርስበት ቋጥኝ ላይ ይፈለፍላሉ። ንብ በሎች የወንዙን ዳር አፈር ቆፍረው ጎጆ ይሠራሉ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ድንጋዩን ስታግል ሞቃት አየር ከገደሉ ወደ ላይ ይነሳል። አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ በዚያ አየር ላይ ይሳፈራል። ከሁሉ የሚገርመኝ ሳንድግሩዝ የሚሏት፣ እርግብ የምታክል የበረሃ ወፍ ናት። ጫጩቶቿ ከውሃ ርቀው ደረቅ መሬት ላይ ነው የሚፈለፈሉት። አባትየው ወንዝ ወርዶ የሆዱን ላባ ውሃ ውስጥ ያርሳል። ላባው ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። በርሮ ተመልሶ ጫጩቶቹ ከሆዱ ላይ ይጠጣሉ። አባትነት እንዲህ ነው።

እንግዲህ ኅዳር ላይ ወደሄድንበት ልመለስ። ወራቱን የመረጥነው አውቀን ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት የአገራችን ወፎች ላይ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት የሸሹት ይጨመራሉ። ጉዞውን ያዘጋጀልን አንድ አስጎብኚ ቢሮ ነው፤ ስሙ ይቅር። «የወፍ ባለሙያ» ብሎ የመደበልን ልጅ ትሑት ነው፣ ሰዓት አክባሪ ነው። ስለ ሳላ፣ ስለ ቀንደ ረጅሙ የፓርኩ አጋዘን፣ ጠይቁኝ ይላል፤ ሳላ በእርግጥም ያውቃል። ትንሽ ወፍ ግን ሁሉም ለእሱ ድንቢጥ ነው። ጓደኛዬ ባይኖኩላሯን አውርዳ «ይቺስ?» አለችው። «እሷም ድንቢጥ ናት።» «ይቺ ጅራቷ ረጅም ነው እኮ!» ትንሽ አሰበና «ወንዱ ነው» አላት።

ልጁን አልፈርድበትም። ትምህርት ቤት ያስተማሩት ታሪክና እንግሊዝኛ ነው። ወፍ በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይለመድም። እኛም ብንሆን በአማርኛ ስማቸውን የምናውቃቸውን ወፎች ብንቆጥር ስንት ይሆናሉ? ቁራ፣ ጭልፊት፣ ጉጉት፣ ቆቅ፣ ጅግራ፣ ዋኖስ፣ እርኩም፣ ሽመላ፣ አባ ኮዳ… ሠላሳ ከደረስን ጎበዞች ነን። የቀረው «ወፍ» ነው፤ ወይም ድንቢጥ።

በበሰቃ ዳር ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ቆምን። ምንም። ሾፌራችን፣ ጋሼ ነው የምንለው፣ መኪናው ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ያየናል። ግመል የሚጠብቅ የከረዩ ልጅ መጣ። ዕድሜው አሥራ ስድስት ቢሆን ነው። ምን ጠፍቶባቸው ነው ብሎ ጋሼን በኦሮምኛ ጠየቀው። ጋሼ ነገረው። ጓደኛዬ ስልኳ ላይ የወፏን ሥዕል አሳየችው። ልጁ አየና ሳቀ። «ሲምቢሮ» አለ፤ ወፍ ማለት ነው። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ በዱላው ወደ አንድ ቋጥኝ ጠቆመ። ጠዋት ጠዋት ላዩ ላይ ትቀመጣለች፤ ድንጋዩ ሲግል ወደዚያ ስንጥቅ ትገባለች አለ። አሁን ሞቋል፣ ከታች ፈልጉ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብንም። ከስንጥቁ ብቅ ብላ ጅራቷን ነቀነቀች። ጓደኛዬ እንባዋ መጣ።

ለልጁ 200 ብር ሰጠነው። አመስግኖ ተቀበለ። የባለሙያው የቀን ክፍያ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበር። በዚያ ቀን ባለሙያው ማን ነበር ብትሉኝ መልሱ ግልጽ ነው። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይባል የለ? የአገሯን ጩኸት የሚሰማው ደግሞ የአገሯ ሰው ነው።

የባሰውን ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ያን ዕለት ማታ ጓደኛዬ የወፏን ፎቶ ከነጂፒኤስ ነጥቡ ኢንተርኔት ላይ ጫነችው። ኢበርድ የሚባል መዝገብ አለ። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ተቋም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተዳድረዋል። ከዓለም ዙሪያ ሰዎች ያዩትን ይመዘግቡበታል። ለሳይንስ ትልቅ ሀብት ነው፤ አልክድም። የልጁ ዕውቀት ግን በ200 ብር ተሸጦ አለቀ። ቀጣዩ ቡድን ነጥቡን ስልኩ ላይ አውርዶ በልጁ አጠገብ በመኪና ያልፋል። ግመሎቹን ፎቶ ያነሳም ይሆናል።

ደግነቱ ነጥብ ያረጃል። በሰቃ ሐይቅ ከስልሳ ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ጨዋማ ነው፣ ለመጠጥም ለመስኖም አይሆንም፤ ዝም ብሎ ይሰፋል። አስፋልቱንም ሐዲዱንም አስነስቷል። ጥቁሩን ድንጋይም እየዋጠው ነው። የዘንድሮ ነጥብ ከጥቂት ዓመት በኋላ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያኔ ወፏ የት እንደተዛወረች የሚያውቀው ግመል ይዞ በየቀኑ የሚያልፈው ነው። ስልክ የወፍ ድምፅ መለየት ችሏል፤ ይህን ግን አይነግርም።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በእኛ ዓይነት መሬት ላይ ያሉ ሌሎች እንዴት እንደሠሩት ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ሜክሲኮ ድንበር አጠገብ፣ ፓታጎኒያ የምትባል ሺህ ሰው እንኳ የማይሞላት መንደር አለች። ዙሪያዋ ደረቅ ነው። ሶኖይታ የሚባል ወንዝ በዛፍ ታጅቦ በአጠገቧ ያልፋል። በአቅራቢያዋ ባሉ ሸለቆዎች ውስጥ ከሜክሲኮ የሚሻገሩ ወፎች ይታያሉ። በ1970ዎቹ ፓተን የሚባሉ ባልና ሚስት ጓሯቸው ውስጥ ለሃሚንግበርድ ስኳር ውሃ መስቀል ጀመሩ። ሰዎች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ማየት ሲያበዙ፣ በሩን ከፈቱላቸው። ወንበር አወጡላቸው። አጥሩ ላይ ደግሞ ለስኳር መግዣ የሚሆን ገንዘብ የሚጨመርበት ቆርቆሮ ሰቀሉ። በቃ፣ ይኸው ነው የንግድ ዕቅዱ። ባልና ሚስቱ ካለፉ በኋላ፣ በ2014፣ የወፍ ጥበቃ ማኅበራት ገንዘብ አዋጥተው ቤቱን ገዙት። ዛሬም ክፍት ነው።

ከዚሁ መንደር ስም የተወሰደ አባባል በወፍ ጎብኚዎች ዘንድ አለ፤ «የፓታጎኒያ ሽርሽር ጠረጴዛ» ይሉታል። በመንደሯ አጠገብ መኪና አቁሞ ምሳ የሚበላበት ቦታ አለ። አንድ ብርቅ ወፍ እዚያ ታየ። እሱን ብለው የመጡት ሌላ ብርቅ ወፍ አገኙ። ያንን ብለው የመጡት ደግሞ ሦስተኛ። ዓይን ሲበዛ ወፍ ይበዛል ማለት ነው። አዋሽ ላይም አሠራሩ ይኸው ነው የሚሆነው። ዓይኑ ግን የላንድክሩዘር ተሳፋሪ ብቻ ከሆነ፣ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚያይ ዓይን ነው።

እኛ ጋ ሰው ወፍ አያይም ማለት ግን ስህተት ነው። እንዲያውም አፍጥጦ ያያል፤ ሊያባርር። ግሪሳን የማያውቅ ገበሬ በስምጥ ሸለቆ የለም። በዓለም ላይ በብዛቷ የምትስተካከላት የዱር ወፍ የለችም ይባላል። ማሽላ ሲያፈራ እንደ ደመና ትመጣለች። ልጆች ትምህርት ቀርተው ማማ ላይ ይወጣሉ፤ ወንጭፍ ያጮኻሉ። መንጋው ከበዛ መንግሥት በአውሮፕላን መድኃኒት ያስረጫል። መድኃኒቱ ግሪሳን ብቻ መርጦ አይገድልም። የተመረዘችውን ወፍ ጭልፊትም አሞራም ይበላታል። ከጥንብ አንሳዎቻችን ሁለቱ ዓይነቶች፣ ነጭ ጀርባውና ሩፔል የሚባለው፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድበዋል። በአፍሪካ ዋናው ገዳያቸው መርዝ ነው። ወፍ ጠላት በሆነበት አገር «ወፍ ጠብቁ» ብሎ መስበክ ቀልድ ይመስላል። ማማ ላይ ወጥቶ ያደገ ልጅ ግን ከማንም በላይ የወፍ ዓይን አለው። ክንፍ አይቶ ግሪሳ ነው አይደለም የሚለው በሰከንድ ነው።

የከረዩን ነገር ካነሳሁ አንድ ነገር ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም። ፓርኩ የተቋቋመው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የመተሐራ ስኳር እርሻም በዚያው ዘመን መጣ። ሁለቱም ያረፉት ከረዩዎች በበጋ ከብት የሚያወርዱበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ላይ ነው። ስለዚህ ለእነሱ ፓርክ ማለት ጠመንጃ ይዞ «ከብትህን አውጣ» የሚል ሰው ማለት ሆኖ ቆይቷል። አሁን ባይኖኩላር የያዘ እንግዳ መጥቶ የፓርክ መግቢያ ይከፍላል፣ ለስካውት ይከፍላል፣ ለሎጅ ይከፍላል። ግመል ጠባቂው ጋ የሚደርሰው ጉርሻ ነው፤ እሱም ከተገኘ። ወፎቹ የሚኖሩበት ግራር እንዳይቆረጥና ከሰል እንዳይሆን የሚፈለገው ደግሞ ከእሱ ነው። ሒሳቡ አይገጥምም። የግመል ጠባቂውን ዕውቀት መግዛት ከችሮታ አይቆጠርም፤ ግራሩ ሳይቆረጥ እንዲቆይ ከሚያደርጉት መንገዶች ርካሹ ይመስለኛል።

አሁን ስለ አደጋው። «እንሂድ» እያልኩ አደጋውን ባልናገር እዋሻለሁ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ መግባት ደስ ይላል፤ ጥላ አለ፣ ወፉ አለ። ነገር ግን እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ምንጃር ላይ ዝናብ ጥሎ ሊሆን ይችላል። ደራሽ ውሃ ድምፁ ሲሰማ ለመሮጥ ጊዜ አይሰጥም። በክረምትና በበልግ የአካባቢው ሰው «አትውረዱ» ካለ አይወረድም፤ ክርክር የለም። ሙቀቱም ቀልድ አይደለም። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ወፉም ሰውም ጥላ ፈላጊ ነው። በዚያ ሰዓት ሊያስኬዳችሁ የሚፈልግ አስጎብኚ ካለ ሙያውን አያውቅም።

መሬቱ ራሱም አርፎ አልተቀመጠም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል መንቀጥቀጥ በረታ። ከመሬት በታች ቅልጥ ድንጋይ መሬቱን እየሰነጠቀ በመግባቱ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 5.7፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 ተለካ። አዲስ አበባ ያሉ ፎቆች ሳይቀሩ ተወዛወዙ። እኛም አዳማ ላይ ሌሊት ብርጭቆ ሲንቀጫቀጭ ነቅተናል። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሳ። ያ ልጅም ከቤተሰቡ ጋር ወራት ድንኳን ውስጥ እንደቆየ ለጋሼ ነግሮታል። ግመሎቹስ? «ግመል ድንኳን አይፈልግም» አለው።

የሰላሙን ነገር ሁሉም ያውቃል። የወፍ ጎብኚዎቹ የተለመደ መስመር ከአዲስ አበባ ጀማ ሸለቆ፣ ከዚያ አንኮበር፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ባሌ፣ ነገሌ፣ ያቤሎ እያለ ሐዋሳ ላይ የሚዘጋ ዙር ነበር። ከ2013 ዓ.ም ጦርነት ወዲህ የዚህ ዙር አንዱ ቁራጭ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። የኤምባሲዎች የጉዞ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ የጉዞ ኢንሹራንስ ይቀራል፤ ኢንሹራንስ ሲቀር ቡድኑ ይቀራል። እኛም ራሳችን ከመነሳታችን በፊት ጋሼ ማለዳ መናኸሪያ ደውሎ መንገዱን ጠይቋል። ይህ ልማድ ሆኗል።

ለዚህ ይመስለኛል አዳማ የፈረንጁን ብቻ ሳትጠብቅ የራሷን ሰው ብታስብ የሚያዋጣት። ለአንድ ቅዳሜ የሚሆን ነገር በዙሪያችን አለ። ሶደሬ የአዋሽ ዳር ዛፎች ሥር ጠዋት አንድ ሰዓት ቢቀመጡ፣ ዋናተኛው ሳይመጣ፣ ብዙ ይታያል። ቆቃ በ1960 እ.ኤ.አ. ከተገደበ ወዲህ የውሃ ወፍ መናኸሪያ ነው፤ እምቦጩ ቢያስቸግርም። የከተማችን ነፋስ ተርባይኖች ያሉበት ኮረብታ እንኳ ለአሞራ ማያ ይሆናል። በሁለት ዙር 136 ተርባይን የተተከለው ነፋሱ ጥሩ ስለሆነ ነው። ያው ነፋስ ለአሞራም መንገዱ ነው፤ ሁለቱ እንዴት ተስማምተው እንደሚኖሩ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳ እየቀለቡ ከእንግዳ ሳንቲም የሚያገኙ ልጆችን አይተን ይሆናል። ከእነሱ እስከ እውነተኛ አስጎብኚ ያለው ርቀት አንድ ባይኖኩላርና ሁለት ዓመት ልምምድ ነው።

የዋጋው ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በወረቀት ላይ ለውጭ ጎብኚ ረከስን። መኪናው ግን ጎማውም ዘይቱም በዶላር ነው፤ ስለዚህ አስጎብኚው ዋጋ አልቀነሰም። በብር የሚከፈለው ብቸኛ ነገር ሰው ነው። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ርካሹ የከረዩው ልጅ መሆኑ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። አንድ የሳንድግሩዝ መጠጫ ቦታ የሚያሳይ ልጅ የአንድ ጎማ ዋጋ አሥረኛውን እንኳ ቢያገኝ ማንም አይከስርም።

ባሌ ዲንሾ የአካባቢው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው እንግዳ በተራ ይወስዳሉ። እዚህም የሚያስቸግር አይመስለኝም። ከአዳማ የሚነሳው አስጎብኚ ይነሳ፤ እንግሊዝኛውን ይናገር፣ ሒሳቡን ይያዝ። መተሐራ ላይ ግን የአካባቢው ሰው የቀን ክፍያ ከዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ይቀመጥለት። ነጥብ ኢንተርኔት ላይ የሚጭን ጎብኚም ትክክለኛዋን ድንጋይ ትቶ የአካባቢውን ስም ብቻ ይጻፍ። የወፍ ድምፅ ከስልክ እየከፈቱ ወፏን ደጋግሞ መጥራትም ይቁም። ሌላ ወንድ ግዛቷ የገባ እየመሰላት ከጎጆዋ ትነሳለች። አስጎብኚ ቢሮ ሰነፍ ሲሆን መጀመሪያ የሚያወጣው ስፒከር ነው።

ከተመለስን በሳምንቱ ያዘጋጀልን ቢሮ ደወልኩ። አልተቆጣሁም፣ ተስፋ ይዤ ነው የደወልኩት። የልጁን ነገር ነገርኳቸው። ቀጣይ ቡድን ስትወስዱ እሱን ቅጠሩት፣ ወፏን በአሥር ደቂቃ ነው ያሳየን አልኳቸው። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትሕትና አዳመጠችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ፤

«ሰርተፍኬት አለው?»

ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠው አልኳት። ግመል ስለሚጠብቅ።